ግማሹ አረም ነው

ፈሪ አይተናል የምትሉ ሰዎች እኔን ሳታዩ ነው የምታወሩት። ልጆቼን ትምህርት ቤት የምልካቸው ፀሐይ ከሆነ ለዝናብ፣ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ለፀሐይ አስታጥቄ ነው። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩን «ፍሬኑ ይሠራል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ «አዎ» ሲለኝ ደግሞ ምነው ቶሎ መለሰ ብዬ እሰጋለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አምስተኛ ያልገባሁት ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ስለነበረ ነው። ወላጆቼ ሂጂ ብለውኝ ነበር፤ ወንዙን የፈራሁት እኔው ነኝ።

ይህች ሴት የአንድ ድርጅት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኢንቨስትመንት ኃላፊ ሆነች ብላችሁ ብታወሩ ማን ያምናችኋል? እኔም እስከ ዛሬ በደንብ አላመንኩም። ግን ሆንኩ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ደብረ ታቦር ውስጥ በሶና ቆሎ አዘጋጅተን የምንሸጥ ሃያ ሁለት ሴቶች ነን። ስንጀምር ማኅበር ነበርን፤ ኋላ ማኅተም ቀረጽንና ድርጅት ሆንን። ገብስ እንገዛለን፣ እናጥባለን፣ እንቆላለን፣ እናስፈጫለን። የምታንገበግበን ይቺ «እናስፈጫለን» የምትለዋ ቃል ናት። የራሳችን ወፍጮ የለንም። ሰው ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክመን እንሰለፋለን፤ ከእኛ በፊት በርበሬ የተፈጨ እንደሆነ በሶአችን ሰው ያስነጥሳል። ስለዚህ ወፍጮ ለመግዛት ለዓመታት ስናጠራቅም ቆየን።

ዘንድሮ፣ ገንዘቡ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ መምህር ታሪኩ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው። አገራችንን የለመደው በእኛ በሶ ነው፤ ብርዱን የቻልኩት በእናንተ በሶ ነው ይላል። ስለዚህ እንወደዋለን፣ የሚለውንም እንሰማለን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባችን ላይ ተገኝቶ፣ ከወፍጮው ገንዘብ ግማሹን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ እንድናውል መከረን።

«ይኸ አስተውሎት የምትለው ምን ያደርግልናል?» አሉት ሊቀ መንበራችን እትዬ አሰገደች።

«የማይታወቀውን ይገምታል።»

«መገመትማ እኛም እንገምታለን። አፋችን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

«የእናንተ ግምት ከልማድ ነው እትዬ፤ የእሱ ከመረጃ ነው።»

«ቢሳሳትስ?» አልኩ እኔ ከኋላ።

«ሊሳሳት ይችላል» አለ መምህር ታሪኩ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ለዚህ ነው ገንዘባችሁን አንድ ቦታ የማታደርጉት። ሦስት ቦታ ትበትኑታላችሁ፤ አንዱ ቢከስር ሌላው ያወጣል። ይህ ፖርትፎሊዮ ይባላል። የሚከታተለው ደግሞ የሚጠራጠር ሰው መሆን አለበት።»

የሚጠራጠር ሰው ሲል ሃያ አንድ ሴት ዞራ እኔን አየች።

«ከዚህች በላይ ማን አለ?» አለች ብርቱካን፤ አብራኝ ያደገች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት ናት። «ለልጄ ክርስትና ስጠራት 'እርግጠኛ ነሽ የዚያን ቀን እንደሆነ?' ያለችኝ እኮ እሷ ናት። እኔ እናቱ ነኝ!»

በዚህ ሁኔታ ተመረጥኩ። ለሦስት ሥራዎች ለሙከራ ጥቂት ጥቂት ከፈልን። አንዱ ዝናብና የገበያ ዋጋ በስልክ የሚተነብይ ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ያሉ ልጆች የሚሠሩት፣ በካሜራ እያየ ገብስን ከጠጠር የሚለቅም ማሽን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማሳውን ፎቶ ስታነሱት ሰብሉን አይቶ ምን ያህል ምርት እንደሚሰጥ የሚናገር ነው። ክረምቱ ሳይወጣ እኔ ከሦስቱ የቱ እንደሚቀጥል ቃሌን እሰጣለሁ፤ የቀረው ገንዘብ ወደዚያ ይሄዳል። ቃሌ ትክክል ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ገብሳችንን ከየት እንደምናገኝ አስቀድመን እናውቃለን። ከተሳሳትኩ ወፍጮው ስንት ዓመት እንደሚርቅ እንጃ፤ ሃያ አንድ ሴት በርበሬ ፈጪ ኋላ ተሰልፋ ባስነጠሰች ቁጥር ስሜን ትጠራለች።

ከዚያች እሑድ ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ስልኩን አያለሁ፤ ልጄን ሹሩባ ስሠራ ስልኩን አያለሁ፤ ልጄ ራሷ «እማዬ፣ አንዱን ጎን ሁለቴ ሠራሽው» ትለኛለች። አንደኛው ያወራል፣ ሁለተኛው ቃል ይገባል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ያያል። ሦስት ልጅ ወልጄ እንዲህ አልጨነቀኝም። ልጅ ቢያንስ ሲርበው ያለቅሳል።

ዝናብ ተንባዩን ላስቀድም። አንድ ጠዋት፣ ሐምሌ ላይ፣ ደመናው ገለጥ ሲል የታጠበ ገብስ በአሥር ሸራ ላይ አሰጣን። ስልኩ ጮኸ። «ከሰዓት በኋላ ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ ስልሳ በመቶ ነው» ይላል። ስልሳ በመቶን ምን ላድርገው? ይዘንባል ቢለኝ ሁሉንም አስገባለሁ፤ አይዘንብም ቢለኝ እተወዋለሁ። አሰብኩ፣ አሰብኩና፣ ከአሥሩ ሸራ ስድስቱን አስገብቼ አራቱን ተውኩ። ልክ የነገረኝን ያህል አደረግኩ ብዬ ልቤ ትንሽ ዐረፈ። ከሰዓት ዝናቡ ከጉና ተራራ እየተንደረደረ መጥቶ በአራቱ ሸራ ላይ ወረደ።

«ስልሳውን አስገብታ አርባውን አስመታችው!» ብላ ብርቱካን ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰች። እስከ ዛሬ ድረስ ቤቷ ስሄድ «ሙሉ በሙሉ ትገቢያለሽ ወይስ ስልሳ በመቶ?» ትለኛለች።

ለቃሚው ማሽን ደግሞ ምንም አላጠፋም፤ ምክንያቱም ገና አልመጣም። ልጆቹ በየሳምንቱ ፎቶ ይልኩልኛል። መጀመሪያ እግሩ ብቻ ነበር። ኋላ ሆድ አወጣ። «ሊያልቅ ነው እማማ» ይሉኛል። እማማ መባል የጀመርኩት በእነሱ ነው፤ ማሽኑ እስኪያልቅ ሳይሆን አይቀርም ያረጀሁት። አንድ ቀን «ክዳኑ ቀረ እንጂ አልቋል» አሉኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ክዳኑ መጥቶ ሆዱ የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው እመጣለሁ። ወደ ጥፋቴም እመጣለሁ።

ያደግኩት ጉና ሥር ነው። አባቴ ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ በአንድ ማሳ ነበር የሚዘራው። በእኛ በኩል ብዙ ገበሬ እንዲህ ያደርጋል። ዓመቱ ከከፋ ገብሱ ይደርሳል፤ ከሰመረ ስንዴውም ይሞላል፤ እንዲያም ሆነ እንዲህ ጎተራው ባዶ አያድርም። መምህር ታሪኩ «ፖርትፎሊዮ» ሲል ሁሉም ሴት ግራ ሲገባት እኔ ብቻ ነበርኩ የገባኝ። ይኸማ የአባቴ ማሳ ነው አልኩ በልቤ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ድርጅታችን ለሦስተኛው ሥራ ሙከራ ከአንድ ገበሬ ጋር ተዋውሎ ነበር። ጋሼ ወርቁ ይባላሉ፤ የአባቴ ጎረቤት የነበሩ ሰው ናቸው። ውሉ ማሳቸውን ሙሉ ገብስ ሊዘሩልን ነው። በሶ ከገብስ ነውና ስንዴ ምን ያደርግልናል? እኔ ግን ሊዘሩ ሲሉ ውዬ ማደር አቃተኝ። ገብሱ ብቻውን ቢመታስ? ዋግ ቢገባበትስ? ማንም ሳያይ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስንዴም ጣል ያድርጉበት» አልኳቸው።

«ውሉ ገብስ ነው የሚለው።»

«ውሉ ያለው እኔ ዘንድ ነው።»

«እነዚያ ሴቶች ቢያዩስ?»

«ምኑን ያዩታል? ቡቃያ ሳለ ለከተማ ሰው ሁሉም ሣር ነው። ሲያፈራ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ያመሰግኑኛል።»

ጋሼ ወርቁ ትንሽ አዩኝና፣ «አባትሽም እንዲህ ነበር፤ እሱ ግን ሲቀላቅል በጠራራ ፀሐይ ነበር» አሉ። ቢሆንም ዘሩት።

እኔም የሰውን ዓይን ስፈራ ከርሜ፣ ማሳውን በስልክ እያነሳሁ ለሦስተኛው ማሽን የማሳየው እኔው መሆኔን ረሳሁት። ቡቃያው አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ሄጄ አነሳሁት። አረንጓዴ፣ የሚያምር፣ ሰው ቢያየው አንድ ዓይነት ነው። ከተማ ስመለስና ኔትወርክ ሲገባ ስልኩ ጮኸ።

«ከሰብሉ ግማሽ ያህሉ ገብስ አይደለም። ግማሹ አረም ነው። በአስቸኳይ ይነቀል።»

አንድ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ ውኃ ሰጠኝ፤ የታሸገ መሆኑን አረጋግጬ ጠጣሁ። ብቻ ማንም አላየውም ብዬ ልጽናና ስል እትዬ አሰገደች ደወሉ። ለካ መልእክቱ ለእሳቸውም ለመምህር ታሪኩም እኩል ነው የሚደርሰው።

«አየሽው?»

«አየሁት እትዬ።»

«ግማሹ አረም ሲሆን የት ነበርሽ?»

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌ ተከፈተም። የወጣው ግን ሌላ ነው፦ «ምናልባት... ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል።»

«የዝናቡም ተሳሳተ አልሽ፤ ይኸም ተሳሳተ። ተሳስቶም እንደሆነ በዓይናችን እናየዋለን። ነገ ሃያ ሁለታችንም ወጥተን እናርማለን።»

«ጭቃው ነው እኮ እትዬ፣ ሰው ይወድቃል...»

«እንውደቃ!»

በማግስቱ ሁለት ሚኒባስ ሞልተን፣ መምህር ታሪኩንም ይዘን ወጣን። መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ወርደን በእግራችን ስንሄድ አምስት ጊዜ ልናገር ሞከርኩ። አንዴ «እትዬ» ስል እሳቸውን አዳለጣቸው፤ ሳነሳቸው ሐሳቤ ጠፋ። አንዴ ለመምህር ታሪኩ ልነግረው ስጠጋ «አይጨነቁ፣ ቢሳሳት እንኳ እንሰርዘዋለን» አለኝ። እንሰርዘዋለን ሲል ወደ ኋላ ቀረሁ። ማሽኑ ያየው እውነት ነው፤ እኔ ግን ስሙን አጥፍቼ ላባርረው ነው። ለማሽን ይታዘናል ወይ ብትሉኝ፣ ያን ቀን ለማሽን አዘንኩ።

ጋሼ ወርቁ ነጠላ የለበሱ ሃያ ሁለት ሴቶች ሽቅብ ሲመጡባቸው አይተው በሬዎቻቸውን አቆሙና «ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተ፤ አረም ልንነቅል ነው» አሉ እትዬ አሰገደች።

ጋሼ ወርቁ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጉና አየሁ። ተራራው የዚያን ቀን እንዳማረ አምሮ አያውቅም።

ማሳው ዳር ስንደርስ ችግር ተፈጠረ። ስልኩ ግማሹ አረም ነው እንጂ የትኛው ግማሽ እንደሆነ አልነገረንም። እዚያ ላይ ደግሞ ኔትወርክ የለም። መምህር ታሪኩ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ በማሳው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞረ።

«ይኸ ሰፋ ያለው ነው አረሙ» አለች ብርቱካን፣ አንድ ቡቃያ ነቅላ።

«የለም፤ ይኸ ጠቆር ያለው ነው» አሉ እትዬ አሰገደች፣ ሌላ ነቅለው።

ተከራከሩ። ሁለቱም አንለቅም አሉ። በመጨረሻ ግማሾቹ ከብርቱካን ጋር በላይ በኩል፣ ግማሾቹ ከእትዬ ጋር በታች በኩል ገቡና ጎንበስ ብለው መንቀል ጀመሩ። እኔ መሐል ቆሜ ቀርቻለሁ። ከላይ የሚመጡት ገብሱን ይነቅላሉ፤ ከታች የሚመጡት ስንዴውን ይነቅላሉ። አንዱ ወገን የተወውን ሌላው ሲደርስ ሊነቅለው ነው። ተላልፈው ሲጨርሱ ባዶ አፈር ብቻ ይቀራል። እጃቸው ደግሞ እንዴት ፈጣን ነው! ለቆሎ ለቀማ የሠለጠነ እጅ ነው።

ጋሼ ወርቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «ትናገሪያለሽ ወይስ ልናገር?» አሉኝ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ አባት።

ጮኽኩ። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም፤ በሬዎቹ ዞረው አዩኝ።

«አትንቀሉ! አረም የለም! ስንዴ ነው! እኔ ነኝ ያስዘራሁት!»

ሁሉም ቀና አለ። በእጃቸው የያዙትን ቡቃያ አየት፣ እኔን አየት፣ ቡቃያውን አየት አደረጉ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ ከአባቴ ማሳ ጀምሮ፣ ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው ብርቱካን ናት።

«መምህር፣ እስቲ ያን ስልክ ወደ እሷ አዙረው። ስንት እጇ አረም እንደሆነ ይንገረን።»

ሳቁ ከላይም ከታችም ተነሣ። መምህር ታሪኩ እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ሳቀ። እትዬ አሰገደች ግን አልሳቁም።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «እኛ ገንዘባችንን አውጥተን የማይታወቀውን ለማወቅ እንጥራለን፤ አንቺ የሚታወቀውን ደበቅሽብን?»

ይኸ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ዝናብም ጀምሮ ስለነበር ማንም ለይቶ ያየ የለም።

መምህር ታሪኩ ግን ደስ ብሎት እየዘለለ ነው። «እኮ ትክክል ነበረ! ግማሹ ገብስ አይደለም አለ፤ አይደለማ! አንድ ሰው ሆነ ብሎ ሁለት እህል በአንድ ማሳ እንደሚዘራ ግን የሠሩት ሰዎች አላስተማሩትም። እነሱም አያውቁም።»

«የእኛን ማሳ ሳያውቅ እንዴት ሊገምትልን ኖሯል?» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«እናስተምረዋለን» አለ መምህሩ።

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አጠበቁ። «ክረምቱም እየወጣ ነው፤ ሰዉም ሁሉ እዚሁ አለ። ቃልሽን ስጪና እንሂድ። ከሦስቱ የቱ ይቀጥል?»

«እኔማ ካላችሁ... ለሦስቱም ትንሽ ትንሽ...»

«አንድ!» አሉ ሃያ አንዱም በአንድ አፍ።

በሕይወቴ አንድ ነገር ብቻ መርጬ አላውቅም። ከዝናቡና ከለቃሚው አንዱን ብመርጥ ማንም አይወቅሰኝም ነበር፤ ያሳፈረኝ ይኸ ማሳ የሚያየው ነው። ለቃሚው ላይ ጣቴን ብቀስር «ሊያልቅ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት እኖራለሁ። ግን ካሁን ወዲያ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም።

«የዝናቡ የነገረኝን ወደ ሰማይ ቀና ብዬ አገኘው ነበር» አልኩ። «ለቃሚው አንዴ ክዳን አንዴ ሆድ ያጣል። ይኸ ግን ከእኔና ከጋሼ በቀር ማንም የማያውቀውን አየ። ይኸ ይቀጥል።»

«የምትስማሙ እጅ አውጡ» አሉ እትዬ። ሁሉም የነቀሉትን ቡቃያ እንደያዙ እጃቸውን አወጡ፤ ገብስም ስንዴም በአንድ ላይ ወደ ላይ ተነሣ። ብርቱካን ሁለቱንም እጇን አወጣች፤ አንዱ ለማሽኑ፣ አንዱ «ለእሷ ማፈሪያ ይሁን» ብላ ነው።

ኃላፊነቱን ይወስዱብኛል ብዬ ስጠብቅ እትዬ አሰገደች፣ «ትቆያለሽ። የፈራ ሰው እናጣለን ብዬ አይደለም፤ ያንቺን ያህል ማሳ የሚመላለስ እግር ስለሌለን ነው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ያየሽውን ሁሉ፣ ኢምንትም ብትሆን፣ ለእኔ ትደውያለሽ። ገባሽ?» አሉኝ። ገባኝ።

የተነቀለው ትንሽ ነበር፤ ጋሼ ወርቁ ክፍቱን ቦታ አይተው «እግዜር ያተርፈው» አሉ እንጂ አልተቆጡም። የማሽኑ ሠሪዎችም ከመምህር ታሪኩ ጉዳዩን ሲሰሙ፣ የተቀላቀለ ማሳ ፎቶ ብዙ ላኩልን አሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ወጥቼ አነሳለሁ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፤ ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ለማሽኑ ሳይሆን ለማሳው የምሰግድ ነው የምመስለው።

ባለፈው ሳምንት እሸቱ ብቅ ካለ በኋላ አንሥቼ ወደ ቁልቁለቱ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ወረድኩ። ስልኩ ጮኸ። «ሁለት ሰብል፦ ገብስና ስንዴ። አረም የለም።» ተምሯል! እንደ ልጅ ወላጅ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ እፈራለሁና ተመልሼ ወጣሁ። እያንዳንዱን እሸት በእጄ እየገለጥኩ ሄድኩ። ማሳው ግርጌ ደርሼ ልመለስ ስል አንዲት ስናር ከሰብሉ ራስ በላይ ተንጠልጥላ፣ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይወዘውዛታል። ስናር አረም ናት፤ ማሽኑ አላያትም።

ቆምኩ። ነቅዬ ብጥላት ማንም አያውቅም። ጋሼ ወርቁም አልነበሩም። እጄ ሄደ፤ መለስኩት። እየሮጥኩ ወርጄ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ማሽኑ አረም የለም አለ። ግን አንዲት ስናር አገኘሁ።»

«ስንት?»

«አንዲት።»

«ለአንዲት ስናር ነው ከጸሎት ያስነሣሽኝ?»

«ኢምንትም ብትሆን ስላሉኝ ነው እትዬ...»

ስልኩን ዘጉብኝ። ሽቅብ ወጣሁ፤ ማሳው ውስጥ ገባሁ፤ ደግሞ ወረድኩ። መልሼ ደወልኩላቸው። ሁለተኛዋን አግኝቼ ነበር።